ሳይቃጠል በቅጠል፦ ትንኝን፣ ቁንጫንና መዥገርን ከግቢያችን እናስወጣ



ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ስለ ትንኝ፣ ስለ ቁንጫና ስለ መዥገር ነው። «እንዴ! የሬሽኑ ጉዳይ፣ የልጆች ትምህርት ጉዳይ፣ ስንት የሚወራ ነገር እያለ ስለ ቁንጫ ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያ ስንል ነበር፤ አንድ ተማሪያችን ከእጃችን ሊያመልጥ እስኪደርስ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የምናስተምረው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ነው። ቀደም ሲል ግን ብዙ ዓመት ካኩማ ኖረናል፤ አቧራውንም ሙቀቱንም እናውቀዋለን። ባለፈው የነሐሴ እረፍት አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ፈቃድ አውጥተው ካኩማ ያሉ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ከተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ትኩሳት ያዘው። ነሐሴ ናይሮቢ ብርድ ስለሆነ እናቱ «ብርድ መቶት ነው» ብላ ዝንጅብል አፈላችለት፣ ከአገር የመጣ ዳማከሴ አሸተተችው። ጎረቤትም «አይዞሽ፣ ናይሮቢ ወባ የለም» አላት። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ልጁ ዓይኑን ገልብጦ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ተረኛዋ መጀመሪያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ሰሞኑን የት ነበራችሁ?» ካኩማ ሲሏት ወዲያው ጣቱን ወግታ ደም መረመረች። ወባ ነበር። ልጁ አራት ቀን ተኝቶ ዳነ። ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይረብሸናል፤ ተመስገን ነው።

እናቱን ቀስ ብለን ጠየቅናት። ካኩማ የተኙት በሙቀቱ ምክንያት ውጭ ነበር፤ ከአልጋው አጠገብ ክዳን የሌላቸው ሁለት የውሃ በርሜሎች ነበሩ፤ አጎበሩ ደግሞ ለጎመኑ አጥር ሆኗል። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኛም ካምፕ ሳለን ያደረግነው ይህንኑ ነው። «ይሄ ግቢ የኛ አይደለም፣ ነገ እንሄዳለን» እያልን ስንቱን ነገር ትተነዋል! ዳዳብ በ1991፣ ካኩማ በ1992 ሲቋቋሙ ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይኸው ከሰላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ እዚያው የተወለዱ ልጆች ወልደው እያሳደጉ ነው። እኛ ጊዜያዊ ነን ብንል ትንኝ አትጠብቀንም። ለእርሷ ሰባት ቀንና አንድ ያልተከደነ በርሜል ይበቃታል።

«ደጋ ነው፣ ወባ የለም» የሚለው አነጋገር

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ትሆናለች። ብርዳም ስለሆነች ወባ አይበዛባትም፤ እዚህ ወባ የሚይዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቆላ ይዞት የመጣ ነው። አደጋው ግን እዚሁ ላይ ነው። ደጋ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ወባን ስለማያውቅ ሲይዘው ይጠናበታል። ቤተሰቡም ስለማይጠረጥር ይዘገያል።

ይህ የእኛም አገር ታሪክ ነው። በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሰውን የፈጀው ቆላ አልነበረም፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተመዝግቧል። በዓመቱ የወባ ማጥፋት ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ አንባቢያን፣ መርጫ በጀርባቸው ተሸክመው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሠራተኞች ታስታውሷቸው ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው። ልጅ ካተኮሰው፣ በተለይም ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ይመርመሩ። ከካምፕ ወደ ናይሮቢ የመጣችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ «ከዚህ ቦታ ነው የመጣነው» በሉ። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች።

ትንኝ፦ ከረግረግ ወደ በርሜል

ድሮ በክፍል ውስጥ ስናስተምር «የወባ ትንኝ የምትራባው በረግረግና በኩሬ ነው» እንል ነበር። ትክክል ነው፤ አሁን ግን አልበቃም። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ከእስያና ከዓረብ አገር በኩል ወደ ቀጣናችን ገብታለች። በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወራት፣ ወባ ሲነሳ ከእርሷ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ኬንያ ውስጥ በማርሳቢት ካውንቲ ተይዛለች። ማርሳቢት ማለት ብዙዎቻችን ከሞያሌ ተሻግረን ያለፍንበት መንገድ ነው።

ይህችን ትንኝ ልዩ የሚያደርጋት በበርሜል፣ በታንከርና በባልዲ ንጹህ ውሃ ውስጥ መፈልፈሏ ነው። ዝናብ አትጠብቅም። ውሃ በወረፋ የሚያገኝና የሚያጠራቅም ሰፈር ለእርሷ የተደገሰ ድግስ ነው።

ሌላዋ ደግሞ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት ያላት ቀን ቀን የምትናከሰዋ ናት። ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን መገጣጠሚያ የሚሰባብሩ ትኩሳቶች ታመጣለች። ድሬዳዋን በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ አዳርሷታል፤ ሞምባሳና ማንዴራም ያውቋቸዋል። ይህችኛዋ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ጠርዝ በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡን በብሩሽ ወይም በሸካራ ጨርቅና አሸዋ መፋቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛዋ ማታ ጆሯችን ላይ የምትዘፍነው ናት። የምትወደው የቆሸሸ ውሃ ነው፤ ሽንት ቤት፣ የልብስ አጠባ ፍሳሽ፣ የተደፈነ ቦይ። ለእርሷ መድኃኒቱ የሽንት ቤቱን ቀዳዳ መክደን፣ የአየር ማስወጫ ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ማሰር፣ ፍሳሹን ደግሞ ቦይ ቀዶ ወደ ጎመኑ ወይም ወደ ፓፓያው ሥር መላክ ነው።

ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ሆነው የሚያድጉት ውሃ ውስጥ ነው። ሙቀት ባለበት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። በየሳምንቱ ውሃውን ያጣራና ዕቃውን የፋቀ ሰው ክንፍ ሳታወጣ ቀደማት ማለት ነው። ቀን የምትናከሰዋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተወለደችበት ከመቶ ሁለት መቶ ሜትር አትርቅም። ቤታችን የምትነክሰን ትንኝ ከእኛው ግቢ ወይም ከጎረቤት ግቢ የወጣች ናት።

ውሃው አይደፋም!

ልጁ ከዳነ በኋላ የምንኖርበትን ግቢ ራሱን ለማየት ወሰንን። አሥር ክፍል ያለው፣ ቧንቧና ሽንት ቤት በጋራ የምንጠቀምበት ግቢ ነው። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ያጠራቅማል። ተማሪዎቻችንን ሰበሰብንና ለእያንዳንዳቸው ነጭ ኩባያና ባትሪ ሰጥተን «በውሃ ውስጥ የሚፈራገጥ ነገር ፈልጉ» አልናቸው። ልጆች እኮ ጉድ ናቸው! ከዘጠኙ በርሜሎች በስድስቱ አገኙ። የተጣለ ጎማ ውስጥ፣ የአበባ ጣሳ ሥር፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ላይ፣ እንዲያውም ጎድጉዶ ውሃ የቋጠረ የበርሜል ክዳን ላይ አገኙ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን በርሜላቸው ፊት ቆሙና «ሦስት ቀን ተሰልፌ ያገኘሁትን ውሃ ማንም አይደፋብኝም!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ውሃ በገንዘብ ለሚገዛ ሰው፣ ወይም ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዞ ለሚቆም ሰው «ድፋው» ማለት ምክር አይደለም።

«እትዬ፣ አይደፋም» አልናቸው።

«ታዲያ ምን ልታደርጉት ነው?»

አሮጌ ነጠላቸውን አራት አጥፈን ጀሪካን አፍ ላይ አሰርንና ውሃውን በእርሱ አጠለልነው። ነጠላው ላይ የቀሩት እጮች ሲፈራገጡ አዩ። «ወይ ጉድ! ይሄን ነው ስጠጣ የከረምኩት?» አሉና ለደቂቃ ዝም አሉ። ከዚያ ባዶውን በርሜል ፋቅን፣ ውሃውን መልሰን ሞላን፣ አፉን በዚያው ነጠላ ሸፍነን ዙሪያውን በጎማ ገመድ አሰርነው። ማጥለል እጩን ነው የሚያስወጣው እንጂ ጀርሙን አይደለም፤ ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆነውን ማፍላት ወይም በጤና ሠራተኛ የሚሰጠውን የውሃ ማከሚያ መጨመር አይቅር። እትዬም ከዚያን ቀን ወዲህ የግቢያችን የትንኝ አለቃ ሆነዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት የማንንም በር ሳያንኳኩ አያልፉም።

ቁንጫ፦ ከተማ ያስቃጠለች

ናይሮቢ የተቆረቆረችው በ1899 የባቡር ሐዲዱ እዚህ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት፣ በ1902፣ የህንዶች ገበያ በሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር ወረርሽኝ ገባ፤ ከአይጥ ወደ ሰው በቁንጫ የሚተላለፈው ቸነፈር። የቅኝ ገዢው የጤና ሹም መፍትሔ ያሉት ሰፈሩን በእሳት ማቃጠል ነበር፤ ተቃጠለም። ያንን ስናነብ የታሰበን የላስቲክና የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሕዝባችን ነው። ቤት ከማቃጠል እህልን ከአይጥ መከልከል ይቀላል። ሬሽናችሁን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብዙ አይጥ ባንድ ጊዜ ሞቶ ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩ፤ ለጤና ጣቢያ ንገሩ። ቁንጫ በበዛበት ቤት ደግሞ አይጡን ከመግደል በፊት ቁንጫውን ማጥፋት ይቅደም። ቤት አልባ የሆነ ቁንጫ የሚዘለው ወደ ሰው ነውና።

ውሻና ድመት ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ ከእንስሳው ላይ እየረገፈ አቧራው ውስጥ ይገባል፤ እጩ እዚያው ያድጋል፤ ከዚያ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ወራት ሊቆይ ይችላል። የሰው እርምጃ ሲሰማው ይወጣል። ባዶ የከረመ ቤት ስትገቡ ቁንጫ ግር ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ ትግሉ ከአቧራው ጋር ነው ማለት ነው።

• ወለሉን ውሃ አርከፍክፋችሁ በየቀኑ ጥረጉ፤ ጥጋጥጉንና ከአልጋ ሥር አትርሱ። እናቶቻችን ወለሉን በእበት የሚለቀልቁት ዝም ብለው አልነበረም፤ አቧራውን ይይዝላቸዋል። በዓል ላይ የጎዘጎዛችሁት ሣር ሲደርቅ ጠርጋችሁ አውጡ።
• ብርድ ልብስና ምንጣፍ በሳምንት አንድ ቀን ቀትር ፀሐይ ላይ አስጡ። ውሻው የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ እጠቡ።
• ማታ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ውሃና ጥቂት ሳሙና አድርጋችሁ ከጎኑ የባትሪ መብራት አብሩ። ቁንጫው ወደ ብርሃኑ ዘሎ እዚያው ይቀራል። ሻማ ግን አይሁን፤ በላስቲክ ቤት እሳት ከቁንጫ ይከፋል።
• አንድ ሳምንት ሠርታችሁ አትተዉ። ጎጆው ውስጥ ያለው እስኪወጣ ቢያንስ አንድ ወር መቀጠል ያስፈልጋል።

የቁንጫ ዘመድ የሆነችው ሙጃሌም አለች። ደረቅ አቧራ ውስጥ ትኖርና እግር ጣት ውስጥ ገብታ ትነፋለች። ሙጃሌ የያዘው ልጅ ያነክሳል፤ ጓደኞቹ ሲስቁበት ትምህርት ይቀራል። መምህራንና ወላጆች፣ እባካችሁ ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የባዶ እግርና የአቧራ ነገር ነው። የልጆቻችሁን እግር ማታ አጥባችሁ ጣት በጣት እዩ። አንድ መርፌ ለብዙ ልጅ አታዙሩ፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያዛውራልና። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

መዥገር፦ የማይለቅ እንግዳ

«እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ» የምንለው በከንቱ አይደለም። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ እግሩን ዘርግቶ አላፊውን ይጠብቃል። ስለዚህ ሣሩ ካጠረ፣ ቁጥቋጦው ከተመነጠረ ማማው ፈረሰበት ማለት ነው። ከቤቱ ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ፣ የተጠረገ መሬት ይኑር። ፍየል ወይም ውሻ ያላችሁ፣ ከልጆች መኝታ አርቃችሁ እሰሩ፤ ጆሮውን፣ ከጅራቱ ሥር፣ በጣቶቹ መካከል በየቀኑ ፈትሹ።

ሰው ላይ ከተጣበቀ በእሳት አታቃጥሉት፣ ላምባም አትቀቡት፤ ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ፣ ከራሱ ጋር ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ወረንጦ ከሌለ ጣታችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ሳቡት። በጥፍር አትጨፍልቁት። ቦታውን በሳሙና እጠቡ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ለሐኪሙ ስለ መዥገሩ ንገሩት።

ቆዳው ለስላሳ የሆነ ሌላ ዓይነትም አለ። በጭቃ ግድግዳና በወለል ስንጥቅ ውስጥ ይደበቅና ሌሊት ወጥቶ ደም ጠጥቶ ይመለሳል፤ የተነከሰው ሰው ጠዋት ምንም አያውቅም። የሚያመጣው ትኩሳት ጥቂት ቀን ይይዛል፣ ይለቃል፣ «ዳንኩ» ሲሉ ያገረሻል። ስንጥቁን በጭቃ ምረጉ፣ ከመሬት ከፍ ብላችሁ ተኙ።

መድኃኒት ሲባል

ኬንያ ለብዙ ዘመን ፓይረትረም የሚባለውን ነጭ አበባ ለዓለም ገበያ በማቅረብ የታወቀች አገር ነበረች። ነፍሳት የሚገድለው ነገር ከዚህ አበባ ይወጣል። አጎበራችን ላይ ያለው መድኃኒትም የዚሁ ንጥረ ነገር ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው። ፀሐይ ያበላሸዋልና አጎበር ሲታጠብ ጥላ ሥር ይሰቀል። ከተቀደደ ይሰፋ። ለአጥርና ለዶሮ ማገጃ አይሁን፤ ውጭ የምትተኙም አራት እንጨት ተክላችሁ ስቀሉት።

የሚጤሰው የትንኝ ጥቅል ጭሱ ሕፃናትን ያፍናልና በተዘጋ ቤት አታብሩት። ለከብት የሚረጨውን ወይም ለእርሻ የሚሆነውን መድኃኒት ደግሞ በልጅ ራስና በልብስ ላይ በፍጹም አታድርጉ። «ቅማሉም ቁንጫውም ባንዴ ይጠፋል» እያሉ በብልቃጥ ቀንሰው የሚሸጡ አሉ፤ ልጅ ይመረዛል። የመድኃኒት ባዶ ጠርሙስም ዘይት ወይም ወተት አይያዝበት።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት

አሁን በግቢያችን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት የጋራ ሥራ አለ። ገንዘብ አላዋጣንም። በርሜል ይጠለላል፣ ይፋቃል፣ ይከደናል። ጎማና ጣሳ ይገለበጣል ወይም ይወገዳል። አሸንዳው ይጠረጋል፣ ቦዩ ይከፈታል፣ ብርድ ልብስ ይሰጣል፣ ሣር ይታጨዳል፣ ውሻ ይፈተሻል። ልጆቹ ኩባያቸውን ይዘው ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከስድስት በርሜል ነበር የተነሣነው፤ በአምስተኛው ቅዳሜ አንድ ብቻ ቀረ፤ እርሱም የእኛው የመምህራኑ ሆኖ ተገኘና እትዬ በሰው ፊት ተቆጡን።

አንድ ቤት ብቻውን ቢለፋ ዋጋ የለውም፤ የጎረቤት በርሜል ክፍት ከሆነ ትንኟ ተመልሳ ትመጣለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ ከብሎክ መሪዎቻችሁና ከጤና ሠራተኞች ጋር ተመካከሩ፣ ሱዳናዊውንም ሶማሌውንም ኮንጓዊውንም ጎረቤት ጥሩ። ቦኖው ዙሪያ የሚቋጥረው ውሃ የጋራ ነው፤ ጠራጊውም የጋራ መሆን አለበት። ልጆቹን ደግሞ አትርሷቸው፤ ከአዋቂ ይልቅ ያያሉ።

ያ ተማሪያችን በሚቀጥለው ነሐሴ እንደገና ካኩማ መሄድ ይፈልጋል፤ አያቱ ናፍቀውታል። እናቱ «አጎበሩን ከዚሁ ይዘን እንሄዳለን» ብላለች። እናንተም በርሜሉን ከድናችሁ ጠብቁት።

በናንተ ብሎክ የሠራችሁትን፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ጻፉልን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።